ጣት በሚያክል ምስል ላይ ጸጉር ማብቀል

ጸጉራም እንስሳን በትንሹ መቅረጽ የሚያስቸግረው ጸጉሩ ከምስሉ ጋር እኩል ሊያንስ ስለማይችል ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት በአማካይ ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንድ ምስል ከእውነተኛው አካል 35 ጊዜ አንሶ ሲሠራ አንዲት ጸጉር ወደ 0.002 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች። ይህን ያህል የቀጠነ ነገር ዐይን አያየውም፤ የመርፌ ጫፍም አይጭረውም። በወላይታ የሚጠመድ በሬ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን፣ በዚህ መጠን የሚሠራው ምስሉ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ቀራጩ የሚሠራው ጸጉሩን ሳይሆን ጸጉሩ የሚተወውን መልክ ነው፤ ዘለላውን፣ ዘለላው የሚተኛበትን አቅጣጫ፣ በዘለላና በዘለላ መካከል የሚያርፈውን ጥላ። ሦስቱ በትክክል ከተቀመጡ የቀረውን የተመልካቹ ዐይን ራሱ ይሞላዋል።

የጥቃቅን ምስሎች ሥራ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ብዙ ሰው የሚያዘወትረው የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። የጨዋታ ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ወደ 28 ሚሊ ሜትር ያሳንሱታል፤ ለመስታወት ሣጥን የሚሠሩት ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላሉ። ሙዚየሞችም አንድን የመሬት ገጽ ከነእንስሳቱ በጠረጴዛ ላይ ለማሳየት ይህንኑ ጥበብ ይጠቀማሉ። በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ሥራው በዚህ ስም ባይታወቅም መሠረቱ እንግዳ አይደለም። ጭቃ አለስልሶ፣ ቀንዱን በስንጥር ተክሎ፣ ሻኛውን ጎላ አድርጎ በሬ የሚሠራ ልጅ በገጠሩ ሁሉ አለ። ልጁ ሳይማር ያወቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እንስሳው የሚታወቀው በዝርዝሩ ሳይሆን በጎላው ምልክቱ መሆኑን።

ስለ ጸጉር ጠለቅ ያለ ዕውቀት ያላቸው ግን ቆዳ አልፊዎቹ ናቸው። ከሶዶ በላይ የቆመው፣ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋው የዳሞታ ተራራ በጎኑ የሞቼና ቦራጎን ዋሻ ይዟል። አርኪዮሎጂስቶች በዚያ ከ40,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ ከባልጩት የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተዋል። ወላይታ ቆዳ አልፊዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ስለት ሲፍቁ ከታዩባቸው ጥቂት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ከብትና ፍየል ሲገፈፍ ያደገ ሰው ቁርበቱን በእጁ ሲዳስስ ከአንገት ወደ ጭራ ልስልስ፣ ከጭራ ወደ አንገት ሻካራ እንደሚሆን ያውቃል። ጸጉሩ የት እንደሚዞር፣ የት እንደሚሳሳ፣ የት ከሁለት አቅጣጫ መጥቶ እንደሚገናኝ ጣቱ ይነግረዋል። የውጭ አገር ቀራጭ ይህን ለማግኘት ፎቶግራፍ ሲያገላብጥ ይውላል።

ከዚህ ጎን የሸክላ ሠሪዎቹ ሙያ ይቆማል። በወላይታ ቺናሻ እየተባሉ የሚጠሩት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃ መቼ እንደሚነካና መቼ እንደሚተው ለይተው ያውቃሉ። ጀበናው ገና እርጥብ ሳለ ጌጥ ቢጫርበት ጭረቱ ይደፈናል፤ ከደረቀ በኋላ ቢሞከር ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ትክክለኛው ሰዓት ጠጠር ብሎ ግን ገና ሳይነጣ ነው። ጸጉር የሚቀርጽ ሰው የመጀመሪያ ትምህርትም ይኸው ሰዓት ነው። ይህን ሙያ ትውልድ ለትውልድ ያቆዩት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ አልፊዎች ለረጅም ዘመን ከገበሬው ጋር በጋብቻ እንዳይቀላቀሉ ተደርገው፣ ዝቅ ተደርገው የታዩ መሆናቸው ያሳዝናል። በእጃቸው ያለው ዕውቀት ሌላው ዓለም በመጽሐፍና በሥልጠና የሚፈልገው ነው።

ለጥቃቅን ምስል በብዛት የተመረጠው ቁስ ሁለት ክፍል ያለው የኢፖክሲ ሊጥ ነው። አንዱ ክፍል ሙጫው፣ ሌላው አጠንካሪው ነው፤ እኩል ተቆርሰው ቀለማቸው አንድ እስኪሆን ድረስ በጣት ይለወሳሉ። ሁለቱ ሲለወሱ ኬሚካዊ ትስስር ይጀመራል፤ ሊጡ የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ ስላልሆነ እንደ ጭቃ አይጨማደድም፣ በሽቦ ዙሪያም አይሰነጠቅም። ቀራጮች ከሚያዘወትሯቸው አንዱ ቢጫውና ሰማያዊው ተለውሰው አረንጓዴ የሚሆኑበት ነው። ቢጫው ሙጫ፣ ሰማያዊው አጠንካሪ ስለሆነ ቢጫው ሲበዛ ሊጡ ለስላሳና ተጣባቂ ይሆናል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ከደረቀ በኋላ ይጠነክራል። አረንጓዴው ሲደርቅ ትንሽ የመለጠጥ ጠባይ ስላለው ቀጭን ዘለላ ተነክቶ አይሰበርም፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን በደንብ አይፋቅም። በብሪታንያ የሚመረተው ሚሊፑት ደግሞ በውሃ ይለሰልሳል፣ በ3 ወይም በ4 ሰዓት ይጠነክራል፣ ሲደርቅም ይፋቃል፤ ይሁን እንጂ ቀጭን ጫፉ ይሰባበራል። ልምድ ያላቸው ቀራጮች ሁለቱን ቀላቅለው የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሞላሉ።

የአየሩ ሙቀት ሥራውን በቀጥታ ይገዛዋል። ሙቀት ትስስሩን ያፋጥነዋል፣ ብርድ ያዘገየዋል። በዳሞታ ግርጌ በክረምት የተለወሰ ሊጥ ለቀራጩ ረጅም ጊዜ ሲሰጠው፣ ያው ሊጥ በሁምቦ ቆላ ወይም ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርዱ በቀትር ቶሎ ያልቅበታል። ስለዚህ በቆላ የሚሠራ ሰው ጥቂት ጥቂት እየለወሰ፣ ጠዋት ወይም ማታ ቢሠራ ይመረጣል።

ሊጡ በማይገኝበት ቦታ ሌላ ቁስ ይፈለጋል። የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ባለ ማጠንከሪያ ስቱኮ በየከተማው ቢኖርም ለጸጉር አይሆንም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠነክር ለመጫር ጊዜ አይሰጥም። ጀሶም እንደዚያው ነው፤ ከደረቀ በኋላ ይፋቃል እንጂ ለስላሳ ሳለ አይጫርም። የሸክላ ጭቃ ለመለማመጃ ከሁሉ ይሻላል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቢበላሽ ተለውሶ ይመለሳል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር በሽቦ አጥንት ላይ መለጠፍ ግን አያዋጣም። የንብ ሰምም ጥሩ አማራጭ ነው። ሞቅ ባለ ወስፌ ሲነካ ቀጭን መስመር ይቀበላል፤ የኢትዮጵያ አንጥረኞች መስቀልና ጌጥ በሰም ቀርጸው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው በቦታው ብረት የሚያፈሱበት ዘዴም በዚሁ ባሕርዩ ላይ የቆመ ነው። የሰም ምስል ጉዳቱ በፀሐይ መለስለሱ ነው።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። ስፌት የሚሰፋበት ወስፌ ረጅም ዘለላ ለመክፈል፣ በእንጨት እጀታ ላይ የተሰካ የልብስ መርፌ ቀጭን መስመር ለመጫር፣ ስቴኪኒ ለመግፋትና ለመጠቅለል፣ ምላጭ ለመቁረጥ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አጭር ጸጉርን በመንካት ለማሻከር ይበቃሉ። የወስፌው ጫፍ በጣም ስለታም ከሆነ ሊጡን ይቆርጠዋል እንጂ አይከፍለውም፤ ስለዚህ በድንጋይ ላይ ትንሽ ይደነዝዛል። መሣሪያው ከሊጡ ጋር እንዳይጣበቅ በውሃ ይነከራል ወይም በትንሹ ቫዝሊን ይቀባል። ቫዝሊን ከበዛ ቀጣዩ ንብርብር አይይዝም፤ ቀለምም ይላጣል። ያልደረቀ ኢፖክሲ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስለሚያሳክክና አለርጂ ስለሚያስከትል በጓንት መለወስ፣ የደረቀውን ሲፍቁም አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ሥራው በሥዕል ይጀመራል። የእንስሳው የጎን ቅርጽ በወረቀት ላይ ይነሣና ጸጉሩ የሚተኛበት አቅጣጫ በቀስት ይጠቆማል። በአብዛኞቹ አራት እግር ያላቸው እንስሳት ጸጉሩ ከአፍንጫ ተነሥቶ በግንባርና በአንገት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በጎን ላይ ወደ ኋላና ወደ ታች ይዘነብላል፤ በእግር ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በግንባር፣ በደረትና በታፋ ላይ አዙሪት ይኖራል። ይህ ካርታ ሳይሠራ ሊጥ የሚለጥፍ ሰው መሐል ላይ ሲደርስ ሁለት አቅጣጫ ይጋጭበታል፤ ያን ጊዜ ማስተካከል ከባድ ነው።

ቀጥሎ አጥንቱ በሽቦ፣ ሥጋው በመጀመሪያው ሊጥ ይሠራና ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይተዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ነገር አለ። ጸጉሩ ራሱ ውፍረት ስላለው ሥጋው በዚያው ልክ ቀጠን ብሎ መሠራት አለበት፤ አለበለዚያ እንስሳው ጸጉር ሲለብስ እንደ ፊኛ ይነፋል። ሥጋው ከደረቀ በኋላ አዲስ ሊጥ ተለውሶ ተጣባቂነቱ እስኪቀንስ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል። ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሳስቶ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ይለጠፋል። ሰፊ ቦታ አንዴ ከተለጠፈ አንዱ ጎን ሲቀረጽ ሌላው ይደርቃል፤ የተቀረጸውም በጣት ይዳጣል።

ቅደም ተከተሉ የሣር ቤት ከሚከደንበት ጋር አንድ ነው፤ ከዳኝ ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ጉልላቱ እንደሚወጣ ሁሉ ቀራጩም ከጭራና ከሆድ ሥር ጀምሮ ወደ ጀርባና ወደ ራስ ይሄዳል። እያንዳንዱ አዲስ ረድፍ ጫፉን በቀደመው ላይ ይጥላል፤ ሥሩን ደግሞ ቀጣዩ ይሸፍነዋል።

በተለጠፈው ሊጥ ላይ መጀመሪያ ትልልቆቹ ዘለላዎች ብቻ ይከፈላሉ። ወስፌው ከሥር ወደ ጫፍ በትንሹ እየታጠፈ ይሳባል፤ ጥልቀቱ በሥሩ በርታ፣ በጫፉ ላላ ይላል። ከዚያ እያንዳንዱ ትልቅ ዘለላ ለሁለት ወይም ለሦስት ይሰነጠቃል። በመጨረሻ በመርፌ ቀጫጭን ጭረቶች ይጨመራሉ፤ እነዚህም በሁሉም ቦታ መሆን የለባቸውም። ጀማሪ ከቀጭኑ ጭረት ይጀምራል፤ ውጤቱም በሚዶ የተበጠረ ጭቃ ይመስላል። የተፈጥሮ ጸጉር እኩል አይደለም፤ አንዱ ዘለላ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ አንዱ በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። ሁለት ዘለላ ሲገናኝ በዘለላዎቹ ጫፍ በኩል ሰፊ፣ በሥራቸው በኩል ሹል የሆነ ክፍተት ይተዋል፤ ጸጉርን ጸጉር የሚያስመስለው ከመስመሩ ይልቅ ይህ ክፍተት ነው።

እንስሳው ሲለያይ ዘዴውም ይለያል። ለጊፋታ በዓል በመስከረም የሚታረድ ሰንጋ ጸጉሩ አጭርና የሚያበራ ነው። እንዲህ ያለውን አካል በሙሉ መጫር ያበላሸዋል፤ ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ይቀርና በግንባሩ አዙሪት፣ በጆሮው ጠርዝና በጭራው ጫፍ ላይ ብቻ ጥቂት ጸጉር ይጨመራል። በደቡብ የሚረባው አዲሎ የተባለው በግ ጸጉሩ አጭር፣ ላቱ ረጅም ነው፤ በብሩሽ ጫፍ መንካት ይበቃዋል። የሰሜን ሸዋው የመንዝ በግ ግን ባና የሚሠራበት ሻካራ ሱፍ አለው። እሱን ለመሥራት ትንንሽ የሊጥ ፍሬዎች ተጠጋግተው ይለጠፉና እያንዳንዱ በመርፌ ጫፍ ይጠቀለላል፤ ረጅም መስመር ፈጽሞ አይጫርበትም። የአህያ ጋማ ቆሞ ይሠራል፤ የፈረስ ጋማ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ጅብ ደግሞ ደንቡን ይገለብጠዋል። በአካባቢው ሌሊት የሚጮኸው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ በማጅራቱ ላይ ያለው ጸጉር ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ይህን ያላስተዋለ ቀራጭ የሚሠራው ውሻ ነው።

ጉሬዛ ከሁሉ ይከብዳል። በጥቁሩ አካል ላይ ከትከሻ ተነሥቶ በሁለቱ ጎን የሚወርደው ነጭ ረጅም ጸጉር አካሉን ሳይነካ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ መጫር ብቻውን አይበቃም። ሊጡ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ላይ ቀጭን ክር ሆኖ ጫፉ እየሾለ ይጠቀለላል፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ከታች ረድፍ ጀምሮ ይለጠፋሉ። የታችኛው ረድፍ ከደረቀ በኋላ ብቻ የላይኛው ይጨመራል። ጭላዳም የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። ወንዱ ጭላዳ በትከሻው ላይ እንደ ካባ የሚወርድ ጸጉር ሲኖረው በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቦታ ጸጉር የለውም። ልሙጡና ጸጉራሙ የሚገናኙበት ጠርዝ በድንገት መቆረጥ የለበትም፤ ዘለላው እያጠረ እያጠረ መጥፋት አለበት።

የአንበሳ ጎፈር በኢትዮጵያ ከሌላው ሁሉ በላይ የተቀረጸ ጸጉር ነው። በአዲስ አበባ ሁለት ሐውልቶች ይህን ሁለት ተቃራኒ በሆነ መንገድ ስለሠሩት ጸጉር መቅረጽ የሚማር ሰው በሁለቱም ፊት ቢቆም ብዙ ያተርፋል። አንደኛው በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ የቆመ ሲሆን፣ የሠራው እንስሳትን በመቅረጽ የታወቀው ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ ነው። ፋሺስቶች ወደ ሮም ወስደውት ቆይቶ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመልሷል። ጋርዴ የመጣበት የፈረንሳይ የእንስሳት ቀራጮች ወግ ጎፈርን በወፋፍራም ዘለላ ከፍሎ፣ በመካከላቸው ጥልቅ ጥላ ያሳድራል፤ ከሩቅ ሲታይ ጸጉሩ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው በዚያ ጥላ ነው።

ሁለተኛው በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለው የቀራጩ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት የቆመ። ካልካ ጸጉሩን ትቶ አቅጣጫውን ብቻ አስቀረ፤ ጎፈሩ ወደ ጥቂት ደረቅና ጠንካራ ገጾች ተቀንሷል። ሆኖም ማንም አላፊ አግዳሚ አንበሳ መሆኑን አይስተውም። በጣም ትንሽ ምስል ለሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የአንበሳው ራስ ከአተር ፍሬ ለማይበልጥበት፣ የካልካ መንገድ ከጋርዴ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የኢትዮጵያን አንበሳ የሚሠራ ሰው የውጭ አገር ፎቶግራፍ ብቻ ቢከተል ይሳሳታል። በአዲስ አበባ የአንበሳ ግቢ ያሉት አንበሶች ጎፈራቸው ጠቆር ያለ ሆኖ እስከ ደረትና ሆድ ይወርዳል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ቅንጣት ጥናትም ከሌሎች የአንበሳ ወገኖች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ምስሉ ላይ ዘለላው ከአንገት አልፎ በሆዱ ሥር መቀጠል አለበት። አቀራረጹም ከሆድ ጀምሮ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ትከሻ፣ በመጨረሻ ወደ ፊት ዙሪያ ይመጣል፤ በፊት ዙሪያ ያለው ጸጉር ወደ ውጭ ስለሚበተን መጨረሻ ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው።

ለዱር እንስሳት ቀለም ጥሩ ምንጭ የሚሆነው አሜሪካዊው ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ በ1926 እና 1927 እ.ኤ.አ. ከቺካጎው የፊልድ ሙዚየም ጉዞ ጋር መጥቶ የሣላቸው የኢትዮጵያ ወፎችና አጥቢ እንስሳት ሥዕሎች ናቸው። ቀለማቸው በቦታው፣ ከእንስሳው ላይ የተወሰደ ነው።

ሊጡ ከ24 ሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሲጠነክር ምስሉ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ቫዝሊኑ ይለቃል። ቀለም የሚቀባው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ መካከለኛው ቀለም አካሉን ሁሉ ይሸፍናል። ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ይፈስበታል፤ ወደ ጭረቶቹ ወርዶ ጥላውን ያጠልቀዋል። ሲደርቅ፣ ብሩሽ በፈካ ቀለም ተነክሮ፣ በጨርቅ ላይ እስኪደርቅ ተጠርጎ፣ በዘለላዎቹ ጀርባ ላይ ከጸጉሩ አቅጣጫ ጋር በመስቀለኛ ይታሻል፤ ቀለሙ ከፍ ያለውን ብቻ ይይዛል። ቀለም ራሱ ጭረትን ትንሽ ስለሚደፍን ቀራጩ ሲጭር ከእውነተኛው ይልቅ ጠለቅ አድርጎ መጫር ነበረበት።

አንድ ምስል ተባዝቶ ለትምህርት ቤቶች ወይም ለገበያ እንዲቀርብ ከተፈለገ ከሲሊኮን ላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ይሠራለታል። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ የታጠፉ የዘለላ ጫፎች ችግር ይሆናሉ፤ ላስቲኩ ሲላቀቅ ይቀደዳል። ለመባዛት የታሰበ ምስል ላይ የጉሬዛው ተንጠልጣይ ጸጉር ከአካሉ ጋር ይጣበቃል፤ ክፍተቱም በሊጥ ይደፈናል። ለአንድ ብቻ የሚሠራው ግን እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል።